ገጹ በጠቆረበት ቀን የመጣ መርዶ

ሙሉሐብት የላከልኝን ደብዳቤ በቀይ እስክርቢቶ አርሜ መለስሁለት። ሦስት ገጽ ነበር፣ በእጁ የጻፈው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ የሚያስተምር ሰው ለሚወዳት ሴት ሲጽፍ እንኳ «ከላይ በተጠቀሰው ምክንያት» ይላል። ከላይ የተጠቀሰው ምክንያት ፍቅር ነበር። አሰመርሁበትና ዳር ላይ «በግልጽ ይጻፍ» አልሁት።

ሦስተኛው ገጽ ግን አላሳቀኝም። «ፈንትዬ፣ ነገ ድረ ገጽሽን አታጨልሚው» ይላል። «የሚያጨልም ሁሉ ስሙ እየተመዘገበ ነው። አያቴ እሑድ ሽማግሌ ይዘው አባትሽ ቤት ሊሄዱ፣ አንቺ ማክሰኞ መዝገብ ላይ ትገቢያለሽ? እናቴን በስንት ልመና ዝም እንዳሰኘኋት ታውቂያለሽ። ምክንያት ፈልጌም ቢሆን አስከፍትሻለሁ።»

«ምክንያት ፈልጌም ቢሆን» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት። ከጎኑ ምንም አልጻፍሁም። ዛቻ እርማት የለውም።

እናቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዝም መሰኘት ያስፈለጋቸው በእኔ ነው። የጉና ድንች ገበሬ ልጅ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ አሰለፈች ከምትባል ሴት ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርሁ። ተማሪዎች ሊያባዙ የሚያመጡትን የኮምፒውተር መማሪያ አንድ ቅጂ ለእነሱ፣ አንድ ቅጂ ለራሴ አወጣ ነበር። እንዲያ እያልሁ ድረ ገጽ መሥራት ቻልሁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይህን ሲሰሙ ልጃቸውን «ታዲያ ሌባ ናት በለኛ» አሉት አሉ። አልተቀየምሁም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ከዚያ አልመለስም ነበር።

ድረ ገጼ «የደጋ ደወል» ይባላል። የድንችና የገብስ ዋጋ፣ የጠፋ በቅሎ፣ የተዛወረ የገበያ ቀን ይወጣበታል። ሰው ጠዋት ጠዋት የሚከፍተው ግን ለመርዶው ነው። በእኛ አገር መርዶ ለዘመድ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ሳለ ሰምቶ ራሱን ቢጥልስ? ስለዚህ በዐሥራ አንድ አጥቢያ ዐሥራ አንድ መርዶ ነጋሪ አለን። ሁሉም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥተው ገጹን ያያሉ። የአጥቢያቸው ሰው ዘመድ ካረፈ ሽማግሌ ሰብስበው ያረዳሉ። ከሌለ ወደ ሥራቸው ይወርዳሉ፤ እስከ ማግስቱ ስልኩን የሚያስታውሰው የለም።

ይህን ሁሉ የሚያቆም አዋጅ ሊወጣ ነው። ረቂቁ ድረ ገጽ ያለው ሁሉ ፈቃድ ያውጣ፣ አጥፋ የተባለውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያጥፋ፣ አንባቢ ለጻፈውም እሱ ይጠየቅ ይላል። አንቀጽ ዐሥራ አንድ ደግሞ ባለገጹ ዲግሪ ይኑረው ይላል። ያረቀቁት ባለሙያዎች አምስት ናቸው። አንዱ ሙሉሐብት ነው።

«ሁለተኛ ዲግሪ ነበር የሚለው» አለኝ ረቂቁ በወጣ ሰሞን፣ ውለታ የዋለ ሰው ፊት እያሳየ። «ተከራክሬ ወደ መጀመሪያ ያወረድኩት እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ወደ ስምንተኛ ክፍል ስታወርደው ጥራኝ።»

በአገሩ ያለን ባለድረ ገጾች ተነጋግረን ማክሰኞ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማግስቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገጻችንን ልናጨልም ተስማማን። እኔም ቃል ገባሁ።

«ሰው ቢሞትስ?» አለችኝ አሰለፈች።

«ኅዳር ነው። የደጋ ሰው አጨዳ ላይ ለመሞት ጊዜ የለውም።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ይህችን ሳቅ ሳልጽፍ ባልፍ ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል።

* * *

ማክሰኞ ጠዋት ገጹ ጠቆረ። መሐሉ ላይ በነጭ ፊደል «ዛሬ ዝም ብለናል። አዋጁ ከጸደቀ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንዲህ ነን» የሚል ብቻ አለበት። አሰለፈች የፎቶ ኮፒውን ቀለም እየሞላች በትከሻዬ አጮልቃ አየችውና «ይህን ያህል ጥቁር ቀለም እኔ ብጠቀም ትከስሪያለሽ ትይኝ ነበር» አለችኝ።

ሁለት ሰዓት ገደማ ሙሉሐብት ገባ።

የትናንቱን ሸሚዝ ለብሷል። አንገትጌው አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ ጫማውም አልታሰረም። ልብሱን ሳይተኩስ ከቤት የማይወጣ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ አይቼ በልቤ «ለብሶበታል» አልሁ። ተዋናይ መድረክ ላይ ሊወጣ እንደሚለብስ።

«አያቴ አረፉ» አለኝ። «ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ። ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እህታቸው ጉና ናቸው፣ የወንድሞቻቸው ልጆችም እዚያው ናቸው። ለአንድ ሰዓት ብቻ ክፈችውና መርዶው ይውጣ።»

አያቱ መሪጌታ ይሻው ናቸው። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ዐሥር ዓመት አልፏል፤ ገጼን ሰው ያነብላቸዋል። ከዚያ ቤት ከእሱ ሌላ እኔን ወደ ውጭ ያልገፉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እሑድ አባቴ ፊት ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» ሊሉ የነበሩትም እሳቸው ናቸው።

«ይህን ያሰብኸው ትናንት በስንት ሰዓት ነው?» አልሁት።

«ምኑን?»

«ምክንያቱን። ፈልጌም ቢሆን ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ፈልገህ ፈልገህ ያገኘኸው ይህን ነው?»

አሰለፈች የቀለም ዕቃዋን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ መሪጌታን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አግኝቻቸዋለሁ» አልሁት። «እሑድ ድንች ቀቅላችሁ ጠብቁን፣ እንጀራ እንዳትደክሙበት፣ እኔ ጥርስ የለኝም አሉኝ። ሊሞት ያደረ ሰው ድንች አያዝም። አንተ ግን በቁማቸው ገደልሃቸው። ለአንቀጽ ዐሥራ አንድ ስትል ነገ ደግሞ እናትህን ትገድላለህ። በቀጣዩ ሳምንት ተረኛው ማን ነው?»

«ፈንታነሽ» አለ። ፈንትዬ አላለኝም። «ሦስት ሰዓት ሳይሞላ።»

«ሲሞላ እነግርሃለሁ።»

ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ቆመ። እኔ ያን አስተያየት አውቀዋለሁ ብዬ ነበር፤ ሲዋሽ የተያዘ ሰው አስተያየት አድርጌ ወሰድሁት። ከዚያ ዞሮ ወጣ። ያልታሰረው የጫማው ክር በሩ ላይ ያዘውና ተደናቀፈ። ሳይጎነበስ፣ ሳያስረው ሄደ።

«የለበሰውን አየሽ?» አልኋት አሰለፈችን።

«አየሁ» አለች። «እኔስ እውነቱን መሰለኝ።»

«አንቺ ለማኝ ሁሉ እውነቱን ይመስልሻል።»

ያሸነፍሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ብዙ ደስታ በሕይወቴ አልፎብኛል፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። የዚያች ጠዋት ደስታ ግን እንደ እሾኽ ተሰብራ ውስጤ ቀረች።

* * *

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ በደጃችን አለፈ። መጀመሪያ ጡሩንባው፣ ቀጥሎ ድምፁ፦ «የመሪጌታ ይሻው ቀብር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ያልሰማ ይስማ።»

አሰለፈች ወደ እኔ አላየችም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

እጄ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ፤ ገጹን ለማብራት አንድ ነገር መንካት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ለማን? መርዶ ነጋሪዎቹ በሦስት ሰዓት ጉብታቸው ላይ ወጥተው፣ ጥቁር አይተው ወርደዋል። አሁን ባበራው የሚያየኝ ሕሊናዬ ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ ዲግሪ የለውም። ስልክ ደወልሁ። በከተማው ዙሪያ ያሉትና የአንበሳሜው መርዶ ነጋሪ አነሡ። የጉናዎቹ ጥሪ አልገባም። መሪጌታ እህት ያላቸው ደግሞ ጉና ነው።

ነጠላዬን አነሣሁ።

«ሄደሽ ንገሪው» አልኋት አሰለፈችን። «ጉና ወጥታለች በይው። እህታቸውን ይዤ እመጣለሁ። እስክደርስ ሬሳውን እንዳያወርዱ።»

«እኔ? በምን አፌ?»

«በዚሁ በሰፊው።»

«ካልሰማኝስ? ጠዋት ያን ሁሉ ብለሽው?»

«እኔ አልሰማሁት እንጂ እሱ ይሰማል» አልሁ። ለምን እንዳልሁት አላውቅም። በሚኒባሱ ውስጥ ግን መንገዱን ሙሉ ያቺው ቃል ከጎኔ ተቀምጣ አብራኝ ሄደች።

* * *

ክምር ድንጋይ ከተማ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ሽቅብ በእግር ነው። ከተማ ሳንባዬን አስንፎታል። ጉና ደግሞ ለተወለደበትም አያዝንለትም። ልቤ በአፌ ልትወጣ ስትል መርዶ ነጋሪውን አያ ካሳውን የገብስ ማሳቸው ውስጥ አጎንብሰው ሲያጭዱ አገኘኋቸው።

«አያ ካሳው፣ ዛሬ ገጹን አላዩትም?»

«አየሁት እንጂ። ጥቁር ነው። ስልኬ ሞተ ብየ በዱላየ ጫፍ ቆርቆር አደረግሁት፤ አልነቃ ሲለኝ ወረድሁ።»

«ስልክዎ አልሞተም። መሪጌታ ይሻው ናቸው።»

ማጭዳቸውን ነዶው ላይ አኖሩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው ፀሐይዋን አዩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው።

«ጉብታው ላይ ወጥቼ ዘመዶቻቸውን ልጥራቸው» አልሁ። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«ተቀመጭ። መርዶ በጩኸት አይነገርም።»

«ጊዜ የለንም እኮ።»

«ጊዜውን ማን ፈጀው?»

ተቀመጥሁ።

አያ ካሳው «አውድማው ላይ የድንበር ጠብ ተነሥቷል፣ ሽማግሌ ይምጣ» ብለው ላኩ። ለጠብ የማይመጣ ሰው የለም፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አጫጁ ሁሉ ማጭዱን እንደያዘ ተሰበሰበ። የመሪጌታ እህት እማሆይ አዲስዓለም መጨረሻ መጡ፣ ቆባቸውን አስተካክለው፣ ሊያስታርቁ። አያ ካሳው ማጭዱን ሁሉ አስቀምጡ አሉ። ከዚያ በእማሆይ በቀኝም በግራም ጠንካራ ሴት አቆሙ። ይህን ሲያዩ እማሆይ ገባቸው።

«የትኛው ነው?» አሉ።

«መሪጌታ ናቸው፣ እማሆይ። ሌሊት አረፉ።»

ሴቶቹ ይዘዋቸው ቁጭ አሉ። ጩኸቱ ከሌላው ነው የወጣው፤ እሳቸው አልጮኹም። አያ ካሳው ለምን እንደዘገዩ ለሰዉ ሲያስረዱ፣ ገጹ ጠቁሮ እንደነበረ፣ እኔም ተቃውሞ ብዬ እንዳጠቆርሁት ሲናገሩ፣ እማሆይ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«እሑድ ሊጠይቋት የነበረችው አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እማሆይ።»

«ከሁላችን ቀድሞ ከል የለበሰው ያንች ገጽ ነው። ለእሱ ማን ነገረው?»

ለወይዘሮ ጥሩወርቅ መልስ አለኝ። ለአዋጅ አርቃቂም መልስ አለኝ። ለእኒህ ሴት ግን ጎንበስ ብዬ ጫማቸውን አጠለቅሁላቸው።

ክምር ድንጋይ ስንወርድ ድንች የጫነ አይሱዙ ቆሞ አገኘን። ሾፌሩ ሐዘንተኛ መሆናችንን አይቶ የኋላውን ከፈተ። እማሆይን ጋቢና አስገባን፤ አርባ ሦስት ሰው ሆነን ጆንያው ላይ ወጣን። ሰባት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ከታቻችን ድንቹ ይንሸራተታል፤ ሴቶቹ ሙሾ እያወጡ ይይዙኛል፣ እንዳልወድቅ። ሊገፉኝ መብት የነበራቸው እጆች አጥብቀው ይዘውኝ ስሄድ፣ መገፋትን ተመኘሁ።

* * *

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ። ፍትሐቱ አልቋል። ሬሳው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል፤ ካህናቱ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመዋል፤ ለቀስተኛው ያጉረመርማል። ሙሉሐብት ብቻውን በሩ ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል።

እማሆይን ከጋቢናው ያወረዳቸው እሱ ነው። ክንዳቸውን ደግፎ በሕዝቡ መሐል ወሰዳቸው። ወንድማቸው ላይ ተደፍተው ምን እንዳሉ አልሰማሁም። የሰማሁት የካህኑን «በሉ እንግዲህ» የሚል ድምፅና የአፈሩን ነው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አቋርጠው መጡ። ፊታቸው በለቅሶ አብጧል፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው ነው።

«ዘመድ ስላመጣሽ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። «እሑድ ግን ማንም አይመጣም።»

«አውቄዋለሁ፣ እትዬ።»

«ማወቅሽ ጥሩ ነው። ሰው ሳያስተምርሽ ታውቂያለሽ ይሉኝ የለ።»

እሳቸው ሲሄዱ ሙሉሐብት ግንቡ ሥር መጣ። ጫማው አሁንም አልታሰረም።

«ግማሽ ሰዓት አስቆየሃቸው» አልሁት።

«አሰለፈች መጥታ ዘመድ ይዛ ትመጣለች አለችኝ። እናቴ ስላቅ ነው፣ ልታዋርደን ነው አለች። እኔ አመንኩ።»

አንድ ቃል ነው፤ በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ጠዋት ብታምኚኝ ኖሮ ትከፍቺው ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ቃል ገብቼ ነበር፣ አገር ሙሉ ጨልሞ እኔ ብቻ አላበራም ብል፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ከዚያ ግንብ ሥር እሄድ ነበር። ግን መሪጌታ ገና አፈራቸው ተመልሶ አላለቀም።

«እከፍተው ነበር» አልሁ። «ሳላስብ። ከሌሎቹ ጋር መጣላቱን በኋላ አስብበት ነበር።»

«ቀኑን ሙሉ ለቃሏ ብላ ነው እያልኩ ዋልኩ» አለ። «ለእናቴም፣ ለራሴም። ላመነችበት ነገር እኔን ጨከነችብኝ፣ እንዲህ ያለች ሴት ናት አልኩ። ብናደድም እኮራ ነበር። ለካ አዋጁ ምንም የለበትም። እኔ በአያቴ ሬሳ የምነግድ ሰው መስዬሽ ነው።»

«አንቀጽ ዐሥራ አንድን ስትጽፍ እኛ ምን መስለንህ ነበር?» አልሁት። አልቻልሁም፤ ምላሴ ከእኔ ቀድማ ትነሣለች። «ዲግሪ የሌለው ሁሉ ውሸታም ነው ብለህ የፈረምህ አንተ ነህ። አንድ ወር ሙሉ ውሸታም ተብዬ ከርሜ፣ አንድ ጠዋት አንተን ውሸታም ብል ምን ይገርማል?»

«ልክ ነሽ» አለ። ድምፁን አላነሣም። «እሱን ክርክር ታሸንፊኛለሽ። ሁልጊዜም ታሸንፊኛለሽ። እኔ ግን የጠየቅኩሽ ስለ አንቀጹ አይደለም።»

እጁን ወደ እኔ የዘረጋ መሰለኝ። የሸሚዙን አንገትጌ ሊያስተካክል ነበር። ጠዋት እኔ ሳላስተካክልለት የቀረሁትን።

«ይጠሩኛል» አለና ሄደ።

አፈሩ ተመለሰ። ድንጋዩ ተደረደረ። ከቀብር በኋላ ሐዘንተኛው መስመር ሠርቶ ይቆማል፤ ሰዉም በፊቱ እያለፈ ያጽናናዋል። እኔም ተሰለፍሁ፤ ከፊቴ አያ ካሳው ናቸው፣ ከኋላዬ የማላውቀው የከተማ ሰው። ለእማሆይ ጎንበስ አልሁ። ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ጎንበስ አልሁ። ከዚያ እሱ ጋ ደረስሁ።

ከአውድማው ጀምሮ በልቤ ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። ይቅርታ ነበረበት፣ ስድብም ነበረበት፣ ሌላም ነበረበት። መስመሩ ግን አይቆምም፤ ሰውየው ከኋላዬ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«እግዜር ያጥናህ» አልሁት።

ለአያ ካሳው ያጎነበሰውን ያህል፣ ከኋላዬ ለቆመው ለማያውቀው ሰው የሚያጎነብሰውን ያህል፣ ልክ ያንኑ ያህል አጎነበሰልኝ።